የምድርን ገደል ማሚቶ ያዳመጠው ሰው

ልጅ ሆኖ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ስሙን እየጠራ ያልጮኸ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማዶ ያለው ተራራ ጥሪያችንን ተቀብሎ መልሶ ይወረውርልናል። ተራራው ቅርብ ከሆነ መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ ሩቅ ከሆነ ትንሽ አስጠብቆን ይደርሳል። ገደል ማሚቶ እንለዋለን። ለዛሬ ታሪኩን ይዤላችሁ የቀረብኩት ሰው ይህንኑ የልጅነት ጨዋታ ፊቱን ወደ ታች አዙሮ፣ የመሬትን ሆድ ጠርቶ መልሷን የሰማ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስሙ ጆን ክላረንስ ካርቸር ይባላል። ዛሬ በየአገሩ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ የሚፈልጉ ሰዎች፣ በእኛው ኦጋዴን የፈለጉትንም ጨምሮ፣ የሚሄዱት እሱና ጓደኞቹ በቀደዱት መንገድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የጂኦሎጂም የፊዚክስም ባለሙያ አይደለሁም። ከካርቸር ጋር የተዋወቅሁትም በመጽሐፍ ሳይሆን በቁጣ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ግድም፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ኦጋዴን ውስጥ ለአንድ የነዳጅ ፍለጋ ቡድን የቀን ሠራተኛ ሆኜ ጥቂት ወራት ሠርቼ ነበር። ሥራዬ ኬብል መጎተትና ጂኦፎን የሚባለውን፣ ጡጫ የማታክል መሣሪያ በሹል እግሯ መሬት ላይ መትከል ነው። ጂኦፎኖቹ በረድፍ ተተክለው ካለቁ በኋላ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ድማሚት ይፈነዳል። ከዚያ በፊት ግን በሬዲዮ ትእዛዝ ይተላለፋል፤ ማንም ሰው እንዳይንቀሳቀስ። አርብቶ አደሮች ግመል እየነዱ ሲመጡ እንኳ መንጋው እስኪያልፍ ሥራው ይቆማል።

አንድ ቀን ጠዋት ትእዛዙ ሲተላለፍ የውሃ ኮዳዬን ረስቼ ኖሮ እሱን ላመጣ ሄድኩ። ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ድማሚቱ ፈነዳ፤ ወዲያው አለቃችን ከመሣሪያው መኪና ወርዶ ማን እንደሄደ ጠየቀ። ደነገጥኩ። ማንም አላየኝም ብዬ ነበርና። ከተቆጣኝ በኋላ አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ አዝኖልኝ ይሁን ሊያስተምረኝ ፈልጎ እንጃ፣ መኪናው ውስጥ አስገብቶ ከመሣሪያው የወጣውን ረጅም ወረቀት አሳየኝ። ብዙ የተጠማዘዙ መስመሮች ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ከመካከላቸው ሁለት ሦስቱ ላይ የተንጨባረረ ነገር አለ። የእኔ እግር ነበር። ኮቴዬ የሦስት ሺህ ሜትር ጥልቀት መልእክት አበላሽቷል። ይህን መሣሪያ ማን እንዳሰበው ስጠይቀው የካርቸርን ስም ነገረኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የዚህን ሰው ታሪክ ባገኘሁበት ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ።

ከእርሻ ቤት እስከ መድፍ ድምፅ

ካርቸር የተወለደው ሚያዝያ 15 ቀን 1894 በኢንዲያና ግዛት ዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አምስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቦቹ ወደ ኦክላሆማ ተሻግረው ሄነሲ አጠገብ እርሻ ያዙ። በዚያ ዘመን ኦክላሆማ ገና በአዲስ መልክ የምትሰፍር ምድር ናት። ልጁ ግን ከበሬና ከማሳ ይልቅ ወደ ቀለም አዘነበለ። በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ምህንድስናና ፊዚክስ ተማረና በ1916 ተመረቀ። ቀጥሎም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

ይሁንና አሜሪካ በ1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባች። ወጣቱ ፊዚሲስት ዋሽንግተን ውስጥ በመንግሥት የደረጃዎች ቢሮ ተመድቦ በአንድ ወታደራዊ ጥናት ላይ እንዲሠራ ተደረገ። ጥናቱ የጠላት መድፍ ከየት እንደሚተኮስ በድምፅ የማወቅ ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል። ቦታቸው በትክክል የሚታወቅ ድምፅ መቀበያዎች በየርቀቱ ይቀመጣሉ። መድፉ ሲተኮስ ድምፁ አንደኛው ጋ ቀድሞ፣ ሌላኛው ጋ ዘግይቶ ይደርሳል። የጊዜውን ልዩነት ያሰላ ሰው ተደብቆ የሚተኩሰውን መድፍ ሳያየው ቦታውን ያውቃል።

እዚህ ላይ ነው የካርቸር ሐሳብ የተፀነሰው። የመድፍ ፍንዳታ በአየር ብቻ አይሄድም፤ በመሬት ውስጥም ይሄዳል። መሬት ውስጥ የሄደው ሞገድ ደግሞ ከታች ካሉት የዓለት ንብርብሮች ተላትሞ ይመለሳል። እንግዲህ ከድምፁ ተነስቶ መድፉን ማግኘት ከተቻለ፣ የራስን ፍንዳታ አፈንድቶ ከመልሱ ተነስቶ የዓለቱን ጥልቀት ማግኘት ለምን አይቻልም? ሌሎች ያዩትን ነገር እሱ ገልብጦ አየው። በ1919 የፈጠራ መብት ማመልከቻዎችን አስገባ።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ብቻውን አልነበረም። የታይታኒክን መስመጥ ተከትሎ የበረዶ ተራራን በድምፅ የመለየት ሙከራ ያደረገው ሬጂናልድ ፌሰንደን ማዕድንን በድምፅ ሞገድ የመፈለግ ዘዴ በ1917 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። በጀርመን ደግሞ ሉድገር ሚንትሮፕ በዓለት ውስጥ ተጣጥፎ በጎን የሚሮጠውን ሞገድ ተጠቅሞ ከመሬት በታች ያሉ የጨው ጉልላቶችን የመፈለግ ሥራ ጀምሮ ነበር። የካርቸር ልዩነት የሞገዱን ሩጫ ሳይሆን ቀጥታ የሚመለሰውን ገደል ማሚቶ መከተሉ ነው። በኋላ ዓለምን ያሸነፈው ይህኛው መንገድ ሆነ።

የ1921 በጋ

ካርቸር ሐሳቡን ያካፈለው የቀድሞ መምህሩንና የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ኃላፊ የነበረውን ዊልያም ሄስማንን ነው። መምህርና ተማሪ እንደ ኢርቪንግ ፔሪን ያሉ የጂኦሎጂ ሰዎችን ጨምረው በ1921 አንድ አነስተኛ ኩባንያ አቋቋሙ። ካርቸርም ከመንግሥት ሥራው ፈቃድ ወስዶ ወደ ኦክላሆማ ተመለሰ።

ሰኔ 4 ቀን 1921 በኦክላሆማ ሲቲ ቤል አይል በተባለው ሥፍራ የመጀመሪያው የሜዳ ሙከራ ተደረገ። ድማሚቱ ፈነዳ፤ መሣሪያው ሠራ። ከዚያም ቡድኑ ዓለቱ ከመሬት በላይ ተገልጦ ወደሚታይበት ወደ አርባክል ተራሮች ወረደ። ይህ ብልህ ምርጫ ነበር። ከመሬት በታች ምን እንዳለ አስቀድሞ በዓይን ታይቶ የሚታወቅበት ቦታ ላይ መሣሪያውን ከፈተኑት፣ መሣሪያው እውነት ይናገር ሐሰት ወዲያው ይታወቃል። ነሐሴ 9 ቀን 1921 ዶኸርቲ ከተማ አጠገብ፣ ቫይንስ ብራንች በሚባል ወንዝ ዳር፣ በገደል ማሚቶ ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር ቁርጥ ሥዕል ተነደፈ። በላይ ያለው ለስላሳ ሼል ከታች ካለው ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ጋር የሚገናኝበት ድንበር ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ስሌቱ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። ሞገዱ በዓለት ውስጥ በሰከንድ 3 ሺህ ሜትር ይሄዳል እንበል። ፍንዳታው በተሰማ በ2 ሰከንድ መልሱ ቢመጣ፣ ሞገዱ ደርሶ መልስ 6 ሺህ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። ስለዚህ ድንበሩ ያለው 3 ሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ይህንኑ በየመቶ ሜትሩ እየደጋገሙ ነጥቦቹን ሲያገናኟቸው ከታች ያለው ዓለት የት ላይ እንደሚያብጥ፣ የት ላይ እንደሚሰረጉድ፣ የት ላይ እንደሚሰበር ይታያል። ችግሩ ስሌቱ ሳይሆን ያንን ደካማ ድምፅ ከነፋሱ፣ ከከብቱ፣ እንደ እኔ ካለው ኮዳ ፈላጊ ለይቶ መስማቱ ነው።

አሥራ አምስት ሳንቲም

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መሣሪያው ሠርቷል። ማርላንድ የተባለው የነዳጅ ኩባንያም በዚያው ዓመት ፖንካ ሲቲ አካባቢ ጥናት እንዲያካሂዱለት ገንዘብ አወጣ። ታዲያ ከዚህ በኋላ ካርቸር ሀብታም ሆነ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልሆነም። በዚያን ወቅት ነዳጅ በብዛት ተገኝቶ ኖሮ በአካባቢው የአንድ በርሜል ዋጋ እስከ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ወረደ። ያለውን ነዳጅ የሚገዛው ያጣ ኩባንያ አዲስ ነዳጅ ለመፈለግ ገንዘብ አያወጣም። ትንሿ ኩባንያ ተዘጋች። ካርቸርም ዕቃውን ሸክፎ ወደ ደመወዝ ሥራው ተመለሰ። ቆይቶም ዌስተርን ኤሌክትሪክ ገብቶ በባሕር ሥር የሚዘረጋ የቴሌግራፍ ገመድ ላይ ይሠራ ጀመር።

በታሪኩ ውስጥ ሁልጊዜ ቆም የምልበት እዚህ ላይ ነው። የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ዓለም ያላየችውን ነገር አይቶ፣ በዓይኑ አረጋግጦ፣ ስህተት ሳይኖርበት ተሸነፈ። ያሸነፈው የገበያ ዋጋ ነው። ስንቱ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ይኖራል?

ካርቸርን ከባሕር ገመዱ መልሶ ያወጣው ኤቨረት ዲጎልየር ነው። ዲጎልየር ገና በወጣትነቱ፣ በ1910፣ ሜክሲኮ ውስጥ ፖትሬሮ ዴል ያኖ ቁጥር 4 የተባለውን ከፍተኛ ነዳጅ ያፈለቀ ጉድጓድ ቦታ መርጦ ስሙ የገነነ የጂኦሎጂ ሰው ነበር። የአሜራዳ ነዳጅ ኩባንያ ኃላፊ ሆኖ ሳለ የካርቸርን ሙከራ ሰማ። በ1925 አስጠራውና ጂኦፊዚካል ሪሰርች ኮርፖሬሽን የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ሥራውን በእጁ ሰጠው። ጊዜውም ረድቶታል፤ የጀርመኖቹ ቡድን በ1924 ቴክሳስ ውስጥ በራሱ ዘዴ የጨው ጉልላት አግኝቶ ስለነበር ነዳጅ ባለሀብቶች በድማሚት ፍለጋ ማመን ጀምረው ነበር።

በ1928 መጨረሻ በኦክላሆማ ሴሚኖል አካባቢ፣ ሞድ አጠገብ፣ አሜራዳ በገደል ማሚቶ ካርታ ላይ ተመርቶ ያስቆፈረው ጉድጓድ ነዳጅ አገኘ። በዚህ ዘዴ ተመርቶ የተገኘ የመጀመሪያው ነዳጅ መሆኑ ነው። ከቤል አይል ሙከራ ሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው። የሚያስገርመው፣ መሣሪያው የተሞከረባት ኦክላሆማ ሲቲ ራሷ ግዙፍ የነዳጅ መስክ ላይ መቀመጧ የታወቀውም በዚያው በ1928 መጨረሻ ነው።

ድርጅቱን የሸጠ ሰው

በ1930 ካርቸር ከባልደረባው ከዩጂን ማክደርሞት ጋር፣ በዲጎልየር የገንዘብ ድጋፍ፣ ዳላስ ከተማ ላይ ጂኦፊዚካል ሰርቪስ የተባለ ኩባንያ መሠረተ። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የተጀመረበት ቢሆንም ድርጅቱ አደገ። ከዚያ በፊት ካርቸር ይመራው የነበረው ድርጅት ባለቤቱ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ነበር። ይህኛው ግን ለከፈለው ሁሉ የሚሠራ ነፃ ድርጅት ሆኖ ቡድኖቹን ከአሜሪካ ውጭም አሰማራ።

ሆኖም ካርቸር ለሌላው ነዳጅ እየጠቆመ ለራሱ ዝም ብሎ መኖር አልሆነለትም። ኩባንያው ራሱም ነዳጅ ወደ ማምረት ገባ። ይህም ደንበኞቹን ሥጋት ላይ ጣላቸው፤ የእኔን ምስጢር የሚያውቅ ሰው ተፎካካሪዬ ሆነ ማለት ነውና። በመጨረሻም የነዳጅ አምራቹ ክፍል በ1941 ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ሲሸጥ፣ የፍለጋ ክፍሉን ማክደርሞትና ሦስት ባልደረቦቹ ገዙት። የግዢው ቀን ታኅሣሥ 6 ቀን 1941 ነው። በማግሥቱ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች።

አራቱ ገዢዎች መሬት የሚያዳምጥ ዕውቀታቸውን ሰርጓጅ መርከብ ወደማሰስ አዞሩት። በ1951 የድርጅቱን ስም ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ አሉት። በ1958 በዚያው ድርጅት ጃክ ኪልቢ የተቀናጀውን የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ሠራ፤ ለዚህም በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በእጃችን የያዝነው ሞባይል ሥሩ ቢማስ አንዱ ዘር የሚመዘዘው ከዚያ የድማሚት ሜዳ ነው። ካርቸር ግን በዚያን ጊዜ የድርጅቱ ባለቤት አልነበረም። በነዳጅ ማምረት ሥራው ቀጥሎ ኖረ። ሐምሌ 13 ቀን 1978 በሰማንያ አራት ዓመቱ ዳላስ ውስጥ አረፈ። የዓለም የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ለወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ይጠራል።

ካርታና ጋዝ ለየቅል ናቸው

ካርቸር ከሞተ በኋላም ገደል ማሚቶው አልቆመም። ድማሚቱ በብዙ ቦታ መሬቱን በሚያንቀጠቅጡ ከባድ መኪኖች ተተክቷል። የሚገርመው ይህን ዘዴ በ1950ዎቹ ያፈለቀው ኮኖኮ፣ በ1921 ለካርቸር ገንዘብ ከሰጠው ከማርላንድ ጋር ተዋህዶ የነበረው ኩባንያ ነው። በ1967 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ፍሬንድስውድ በተባለ መስክ ላይ የከርሰ ምድርን ምስል በስፋትም በጥልቀትም የሚያሳይ የመጀመሪያው ባለ ሦስት አውታር ጥናት ተደረገ።

ለጋዝ ፍለጋ ግን ከሁሉ የበለጠው ግኝት የመጣው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ብዙ ሰው ጋዝ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተንጣሎ የሚገኝ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ጋዙ ያለው ድንጋይ ውስጥ ነው፤ በጥንት ዘመን ተከማችቶ በተጋገረ የአሸዋ ድንጋይ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ። ጋዝ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይሸሻል። ከላይ እንደ ድስት ክዳን የሚገጥም ሼል ካገኘውና ዓለቱ እንደተደፋ ሳህን ካበጠ እዚያ ታጉሮ ይቀራል። ቀዳዳዎቹን ውሃ ሳይሆን ጋዝ ሲሞላቸው ሞገዱ በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በዚህም የተነሳ ድንበሩ ላይ የሚመለሰው ድምፅ በብዙ ቦታ ጎልቶ ይሰማል። በወረቀቱ ላይም ደማቅ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ መሬት ያባውን ድማሚት አወጣው ብለን ግን ቶሎ አንጨፍር። በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ጋዝ ጥቂት መቶኛ ብቻ ቢሆንም ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ የማይረባ ጋዝና ብዙ ጋዝ በወረቀቱ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። በዚህ ተታለው ባዶ ጉድጓድ የቆፈሩ ብዙዎች ናቸው። ገደል ማሚቶው የዓለቱን ቅርፅ ይናገራል፤ ፍንጭ ይሰጣል። እርግጡን የሚናገረው መሰርሰሪያው ነው።

ከመሰርሰሪያው በኋላስ? ይህን ከእኛ ቤት የበለጠ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሶማሌ ክልል ውስጥ ያለው የካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1973 ቴኔኮ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ጋዙ የተያዘው በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ሲሆን፣ ከንብርብሮቹ አንደኛው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከናፒየር ጦር ጋር በ1868 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የጂኦሎጂ ሰው ዊልያም ብላንፎርድ አዲግራት ላይ በዓይኑ ያየውን ዓለት ገልጾ በጻፈው መሠረት ነው። ትግራይ ላይ ገደል ሆኖ የሚታየው ድንጋይ ኦጋዴን ላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ጠልቆ ጋዝ አቅፎ ተኝቷል። ካርቸር አርባክል ላይ የተገለጠውን ዓለት እያየ ያልተገለጠውን እንደተረዳው ማለት ነው።

ከ1973 ወዲህ መንግሥት ተለወጠ፣ ጦርነት መጣ፣ ኩባንያዎች ገቡ ወጡ፣ ሶቪየቶች ቆፈሩ፣ ቻይናውያን ተፈራረሙ፤ ፈቃድም ተሰረዘ። የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ ማለት ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጋዙ የት እንዳለ ይታወቅ ነበር። ያጣነው ካርታ አልነበረም።

የካርቸር ሕይወት የነገረኝም ይህንኑ ነው። በ1921 ዕውቀቱ ሙሉ ነበር። የጎደለው ዋጋው ሲወድቅም የማይሸሽ ገንዘብ፣ ሐሳቡን የሚያምን እንደ ዲጎልየር ያለ ሰው፣ ሥራውን የሚሸከም ድርጅትና ሰባት ዓመት መታገስ ነበር። እነዚህ ሲሟሉ ነዳጁ ወጣ፤ ሳይሟሉ ሲቀሩ ግን ያው ዕውቀት ወረቀት ሆኖ ተቀመጠ። መሬት ለጠራት ሁሉ መልስ ትሰጣለች። መልሱን ሰምቶ ዳር ማድረስ የሰው ሥራ ነው።

እኔም በዚያን ጊዜ የተከልኳቸው ጂኦፎኖች የላኩት ወረቀት የት እንደደረሰ እንጃ። አንድ ቦታ፣ አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ከሆነ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር ጥልቀት ከመጣው የአሸዋ ድንጋይ ድምፅ ጎን አንድ ኮዳ ፍለጋ የሄደ ጎረምሳ ኮቴም ተጽፎ ይገኛል።